ለአማቴ የላክሁት እጅ

ሰው ሥራ ሲፈታ ብዙ ነገር ይጀምራል። አንዱ ገበጣ ይጫወታል፣ አንዱ ርግብ ያረባል፣ አንዱ ክራር ይገዛና ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል። እኔ ደግሞ ፀሐይን ሥራ ላስይዛት ብዬ ተነሣሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። አዳማ ያልኖረ ሰው ይህን አይረዳውም። ከማለዳ ጀምራ ራሳችን ላይ ተዘርፍጣ ስትውል፣ "አንቺ ሴት፣ ከተቀመጥሽ አይቀር እስቲ አንድ ነገር ያዢ!" ያላሰኘችው የአዳማ ሰው ካለ ይቅረብና ይማልልኝ።

እንጀራዬ የባቡሩን የውሃ ታንከር መጠበቅ ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር አዳማ ሲደርስ ይጠማዋል፤ አጠጣዋለሁ። ከአዲስ አበባ የሚወርደውም ይጠማዋል፤ እሱንም አጠጣዋለሁ። ባቡር አይቶ የማያውቅ የገጠር ዘመድ ሥራዬን ሲጠይቀኝ "ብረት የለበሰ በሬ አጠጣለሁ" እለዋለሁ፤ በጣም ያዝንልኛል። በአንዱ ባቡርና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ ግን የእኔና የዝንቦቹ ነበር።

ከታንከሩ አጠገብ ሙሴ ያኒ የሚባል የድልድይ ንድፍ የሚስል ግሪክ ነበረ። ንድፉን በስስ ወረቀት ላይ ይስልና ግልባጭ ሲፈልግ ከሥሩ መድኃኒት የተቀባ ሌላ ወረቀት ያደርግበታል። ከዚያ በመስተዋት ተጭኖ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ጥቂት ቆይቶ መድኃኒት የተቀባውን ወረቀት በውሃ ሲያጥበው፣ ፀሐይ ያገኘችው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል፤ ጥላ ያረፈበት ሁሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ውሃው ከእኔ ዘንድ ስለሆነ ማጠቡን ለእኔ ተወልኝ። እኔም በዚህ የተነሣ ራሴን ግማሽ መሐንዲስ አድርጌ መቁጠር ጀመርኩ።

አንድ ቀን ነፋስ የግራር ዝንጣፊ አምጥቶ ወረቀቱ ላይ ጣለ፤ ማንም አላየም። ሲታጠብ ጊዜ ድልድዩ መካከል ላይ ግራር በቅሎ ተገኘ። ሙሴ ያኒ "ቅጠል! ድልድይ ላይ ቅጠል!" ብሎ በአገሩ ቋንቋ የሚሳደበውን ተሳድቦ ወረወረው። አነሣሁት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ቅጠሏ አንድ በአንድ፣ እሾኋ ሳይቀር፣ ነጭ ሆና በሰማያዊ ላይ ቁጭ ብላለች። እኔ በሬ ስስል ጉንዳን የሚመስልብኝ ሰው ነኝ። ያለ ብርዕ፣ ያለ ትምህርት እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ከተቻለማ ምን እጠብቃለሁ!

ከዚያ ወዲያ ሙሴ ያኒ ቆርጦ የሚጥለው ጥራጊ ሁሉ የእኔ ሆነ። ፀሐይ እንዳያየው በቆርቆሮ ሳጥን እደብቀዋለሁ። የፓፓያ ቅጠል አተምኩ። ላባ አተምኩ። ቁልፍ አተምኩ፤ ቁልፉ እስኪታተም ድረስ ከቤት ውጭ ተቆልፎብን ቆየን። የሚስቴን የጫልቱን ሚዶ አተምኩና እዚያው ታንከሩ ጋ ረሳሁት። "እንግዲህ ፀጉሬን በየትኛው ላበጥር? በሰማያዊው?" አለችኝ፤ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ መልስ መስጠት አደገኛ ነው። አንድ ዶሮም ከነነፍሷ ላትም ሞክሬ ነበር። ዶሮዋ ወረቀቱ ላይ ያደረገችውን ለመናገር ጨዋነቴ አይፈቅድልኝም።

እንዲህ እየቀለድኩ ሳለሁ ጫልቱ ሴት ልጅ ተገላገለች። ቀልዱም እዚያ ላይ አበቃ፤ ምክንያቱም ልጅቱ ስም አጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጫልቱ ቤተሰብ የመጀመሪያ የልጅ ልጅን ስም የሚያወጣው አያት ነው። አያትየው ኦቦ በዳዳ ደግሞ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ከብታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከእኔ ጋር የተኳረፉት ገና በሠርጋችን ዕለት ነው። ልጃቸውን ከሐይቁ ዳር ለአንድ ባለ ከብት ሊሰጡ አስበው ሳለ እሷ እኔን ወደደች። ምን ታድርግ፣ መልኬን አይታችሁት ቢሆን ኖሮ እናንተም ትገረሙ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ እሺ ቢያሰኛቸውም ሲመርቁን "ልጄን ለጭስ ሰጠሁ። ያችን አዳማ የምትሏትን አገር ግን እግሬ አይረግጣትም" አሉ። አልረገጧትም።

እናቷ እማማ ዲንቄ ግን ሴት ልጅ ወልዳ ኩርፊያ ምን ይሠራል ብለው አራሷን ሊያርሱ መጡ። እንደመጡ ቤቴ የእሳቸው ሆነ። በሩ ላይ መጋረጃ ተጋረደ፣ አራሷ ራስጌ ቢላ ተቀመጠ፣ እኔ ወደ በረንዳ ተባረርኩ። ገንፎው ሲገነፋ ሽታውን እንድጠጣ ይፈቀድልኛል።

በአዳማና በዝዋይ መካከል የሚመላለስ ሰይድ የሚባል የወሎ ነጋዴ ነበር። "ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ ስም ያውጡልን" ብለን በእሱ ላክን። ሰይድ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ሲጠራርግ መልሱ እንዳላማረ ገባኝ።

"ኦቦ በዳዳ ምን አሉ መሰለህ" አለ። "ያላዩት አገር አይናፍቅም። ያላየሁትን ልጅ አልሰይምም። ካሻቸው ያምጡልኝና ልያት፤ እኔን እግሬን ያመኛል።"

"እውነት ያማቸዋል?"

"እኔ እንጃ፣ ወንድሜ። ስደርስ ወይፈን እያባረሩ ነበር።"

ልጅቱን መውሰድ አይታሰብም። ክርስትና ሳትነሣ፣ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ከአራስ ቤት አውጥቶ ዝዋይ ድረስ በበቅሎ? ጎረቤቶች "አንተው አውጣላት፣ አባት አይደለህ?" አሉኝ። ልቤ ከጅሎ ነበር። ጫልቱ ግን ልጅቱን እንዳቀፈች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"አባቴ በሕይወት እያለ በላዩ ስም ካወጣንላትማ ሞተ ማለታችን ነው" አለች። "ይተው። እስኪፈልግ ድረስ እንዲሁ ትጠራ።"

እንዲሁም ትጠራ ጀመር። "ያቺ ነቃች?" "ያቺ ጠባች?" እንባባላለን። ጫልቱ ማንም ሳያያት ታለቅሳለች፤ አራስ አልቅሳ ወተቷ ይደርቃል እያሉ እማማ ዲንቄ ይቆጣሉ፣ ተቆጥተው ደግሞ ወጥ ቤት ገብተው እሳቸውም ያለቅሳሉ። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ሁለቱንም እሰማለሁ። ፎቶግራፍ አንሺ ያለው አዲስ አበባ ነው። መሄድ የለ፣ መምጣት የለ። ምን ይሻላል ስል ያ የቆርቆሮ ሳጥኔ ትዝ አለኝ። አያትየው ካላየሁ ካሉ እጇን አትሜ እልክላቸዋለሁ! ሰው የልጅ ልጁን እጅ አይቶ አሁንም ዝም የሚል ከሆነ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ጫልቱ ስትሰማ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እማማ ዲንቄ ግን አልሳቁም።

"ፀሐይ?" አሉ። "አራስ ቤት ፀሐይ? ምች ልታስመታብኝ ነው?"

"ጥቂት እኮ ናት፣ እማማ። ባቄላ እስኪቆላ ድረስ።"

"ልጅቱ ባቄላ ናት?"

"እጇ ብቻ ነው የሚወጣው..."

"እጇን ምች መትቷት ሌላው ሰውነቷ ደህና ይሆናል? ደግሞስ የሕፃን ጥላ በወረቀት ጠቅልሎ በነጋዴ መላክ ከየት የመጣ ሥራ ነው? ሂድ፣ ባቡርህን አጠጣ!"

ሄድኩ። እያጠጣሁም አሰብኩ። ልጅቱ ወደ ፀሐይ ካልወጣች ፀሐይ ወደ ልጅቱ ትግባ! ከየመኑ አረብ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ መስተዋት እግሩ ላይ ወድቄ ተዋስኩ። ቤቴ ከሐዲዱ አጠገብ ነው፤ በመስኮቱ ትይዩ ሜዳው ላይ ቆሜ ፀሐይን በመስተዋቱ ተቀብዬ ወደ ውስጥ ወረወርኳት። መጀመሪያ ያገኘችው የእማማ ዲንቄን ዓይን ነው።

"ዓይኔን! ኧረ ዓይኔን አጠፋው!"

ወደ ግራ አደረግሁት፤ ድስቱን መታ። ወደ ቀኝ አደረግሁት፤ ድመቷ ብርሃኑን ልትይዝ ዘላ ገንፎው ላይ ወደቀች። መስተዋቱ ከባድ ነው፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃኑም ከእጄ ጋር ይንቀጠቀጣል። በዚህ መካከል ከወደ ሞጆ የሚመጣው ባቡር ብቅ አለ። ነጂው በሐዲዱ ዳር አንድ ሰው ብርሃን ሲያብለጨልጭለት ቢያይ ጊዜ፣ መንገዱ ተበላሽቷል ብሎ ያን ሁሉ ብረት እያስጮኸ አቆመው።

መንገደኛው በሙሉ ወረደ። "ድልድይ ወድቆ ነው?" "ሽፍታ ነው?" ይባባላል። ነጂው ፊቱ ከምድጃው ቀልቶ መጣና አንገቴን ሊያንቀኝ እጁን ዘረጋ። እኔም የማደርገው ቢጠፋኝ እውነቱን ነገርኩት። አያትየው እንደተኳረፉ፣ ልጅቱ ስም እንዳጣች፣ እጇን ልልክ እንደሆነ። የዘረጋውን እጅ መለሰ።

"ስም የላትም?"

"የላትም።"

"እስከ ዛሬ ምን እያላችሁ ትጠሯታላችሁ?"

"ያቺ።"

ነጂው ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። ከዚያ መስተዋቱን ከእጄ ነጠቀኝ። "አንተ መያዝ አትችልም። አንዴ ከቆምን ቆመናል፤ ግባና ልጅቱን አዘጋጅ!" አለኝ። ይኸው እላችኋለሁ፣ ያ ሁሉ መንገደኛ ሐዲዱ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ባቡር ነጂው ለልጄ ፀሐይ ያዘላት። ከመንገደኞቹ አንዲት ባልቴት ወደ መስኮቱ እጃቸውን ዘርግተው "እደጊ፣ የአያትሽን ልብ ያራራልሽ" ሲሉ ሕዝቡ "አሜን" አለ። የጣቢያው አለቃ ኋላ ያለኝን ግን አልነግራችሁም፤ ልጆችም ያነቡት ይሆናል።

ሮጬ ገባሁ። ብርሃኑ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደ ተዘረጋ ጨርቅ ጸጥ ብሎ አርፏል። ወረቀቱን ከሳጥኔ አውጥቼ ብርሃኑ ላይ አደረግሁ፣ የልጅቱን እጅ አመጣሁ። ጭብጥ! አንድ ጣት ስፈታ ሌላው ይታጠፋል፤ እሱን ስፈታ የፊተኛው ተመልሶ ይጨበጣል። እንዴት ያለ ጉልበት ነው! እኔ ላብ በላብ ሆኜ "እባክሽ እናቴ፣ እባክሽ እመቤቴ" ስላት እሷ ታዛጋለች። ወረቀቱ በዚያው መልኩን መለወጥ ጀምሯል።

"ዞር በል!" አሉ እማማ ዲንቄ ከኋላዬ። "ዞር በል፣ አንተ ምኑን ታውቃለህ!"

ቀርበው የእጇን አንጓ በሁለት ጣታቸው ያዙና በሌላው እጃቸው ጀርባዋን አንዴ፣ ሁለቴ ዳበስ አደረጓት። እጇ እንደ አበባ ተከፈተ። ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። ባቄላ እስኪቆላ ድረስ እንዳሳረፉት ያዙት። ጫልቱ አልጋው ላይ ሆና ከንፈሯን ነክሳ ታያለች፤ እኔም አንዴ እሷን፣ አንዴ ወረቀቱን አያለሁ።

በታንከሩ ውሃ ሳጥበው ሰማያዊው እየጠለቀ፣ ነጩ እየነጣ መጣ። አምስት ጣት፣ እያንዳንዷ ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ። ከሥር ደግሞ የእማማ ዲንቄ አውራ ጣትና ሌባ ጣት፣ ደጋፊ ሆነው። ለጫልቱ ሳመጣላት ደረቷ ላይ አስጠግታ "ይኸው እጇ! አባቴ ይህን አይቶ እንዴት ይጨክናል?" አለች። እማማ ዲንቄ ላለማየት ፊታቸውን አዙረው ቆዩና ቆዩና፣ በመጨረሻ በጎን መለስ ብለው "ጣቴን አወፈርከው" አሉኝ።

ሰይድ በማግስቱ ወደ ዝዋይ ይሄድ ነበር። ጭነቱ ሳሙና ነው፣ በባቡር የመጣ የልብስ ሳሙና። "እንዳይተጣጠፍብኝ በሳሙናዎቹ መካከል አድርገው" ያልኩት እኔው ነኝ። ጠፍጣፋ ናቸው፣ ይሸታሉ፣ ንጹሕ ናቸው። ብልህ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ሰው ሊሳሳት ሲል ለምን እንደዚህ ይኮራል?

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጫልቱ በየጠዋቱ "ዛሬ ደርሶለት ይሆን?" ትላለች። "ዛሬ አይቶት ይሆን?" ትላለች። እኔ ከታንከሩ ላይ ወጥቼ የደቡቡን መንገድ አያለሁ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በዚያው መንገድ አቧራ ተነሣ። ለቅሶ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው፣ ከፊት አንድ ሽማግሌ በበቅሎ ላይ ፊታቸውን ሸፍነው ይመጣሉ። ሙሾ ይወርዳል፣ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ። ለቅሶ በደጅህ ሲያልፍ ቆሞ ማየት የሰው ሥራ አይደለም። ከታንከሩ ወርጄ ኩታዬን ዘቅዝቄ ተቀላቀልኩ። ማን እንደሞተ ባላውቅም የሴትዮዋ ሙሾ አንጀት ይበላል፤ ሳላስበው እንባዬ መጣ። ጥቂት ካለቀስኩ በኋላ አጠገቤ ያለውን ሰው በዝግታ ጠየቅሁት።

"ነፍስ ይማር። ማን ነው የሞተው?"

"ሕፃን ናት፣ ወንድሜ። የአንድ ባቡር ሠራተኛ ልጅ። ስም እንኳ ሳይወጣላት።"

አይ ምስኪን! አልኩ በልቤ። ከእኛ ማን ይሆን? የበረኛው ሚስት ገና አልወለደችም፤ የከሰል ጫኙ ልጆች ትልልቆች ናቸው። ማንም ይሁን፣ እኔም የጨቅላ አባት ነኝና ይገባኛል ብዬ እንባዬን ለቀቅሁት። ደረቴን መታሁ። ሰዎቹም የእኔን ልቅሶ አይተው ባሰባቸው። እንዲህ ሆነን በሱቁ አለፍን፣ ሐዲዱን ተሻገርን፣ ወደ ግራ ታጠፍን፤ በቅሎዋ በቤቴ ደጃፍ ቆመች።

እናንተዬ፣ ሰው በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ የገዛ ልጁን ለቅሶ ሲያጅብ ራሱን ቢያገኝ ምን ይላል? ጠዋት ስወጣ ደህና ነበረች። ወይስ እኔ ታንከር ላይ ተጎልቼ ሳለሁ...? ወደ በሩ ልሮጥ ስል በቅሎዋ መንገድ ዘጋችብኝ።

መጋረጃው ተገለጠና እማማ ዲንቄ ማንኪያ እንደያዙ ብቅ አሉ። ባላቸው በበቅሎ፣ ዘመዶቻቸው በለቅሶ ልብስ። ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ።

"ማን ሞተብኝ?" ብለው ጮኹ። "ከልጆቼ ማን ሞተብኝ? ንገሩኝ!"

ኦቦ በዳዳ ደግሞ ሚስታቸው ሲጮኹ ሲያዩ፣ የጠረጠሩት እርግጥ ሆነላቸው። ከበቅሎዋ እንደ ጆንያ ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ። "ሳላያት! ሳላያት ቀረሁ!" እያሉ ጭንቅላታቸውን ያዙ። እማማ ዲንቄ ይጮኻሉ፣ ሰዉ ይጮኻል፣ እኔም ለማን እንደሆነ ሳላውቅ እጮኻለሁ።

ያን ጊዜ ከውስጥ፣ እንቅልፏን ያቋረጡባት ያቺ፣ ከሁላችን በላይ ጮኸች።

ልቅሶው አፍ ላይ ቀረ። ልጅቱ ብቻዋን፣ በቁጣ፣ እንደ ባቡር ፊሽካ ትጮኻለች። ኦቦ በዳዳ ቀና አሉ።

"ያ ድምፅ... የማን ነው?"

ከለቀስተኛው ኋላ ሰይድ አህዮቹን እየነዳ ሲያለከልክ ደረሰ። "ወላሂ ብያችሁ ነበር!" አለ ገና ሳይቆም። "ብያችሁ ነበር፣ የሚሰማኝ ጠፋ!"

ለካ አዋሽን ሲሻገር አንዷ አህያ ተንሸራታ ጭነቱ ውሃ ገብቶበታል። ሳሙናው ሟምቶ ወረቀቱን ሲያጥበው፣ የልብስ እድፍ እንደሚበላ ያንን ሰማያዊ ሁሉ በልቶታል። ዝዋይ ደርሶ ለኦቦ በዳዳ ከጨርቁ ፈትቶ ሲሰጣቸው ነጭ ወረቀት ሆነ። ባዶ።

"አገላብጠው አዩት" አለ ሰይድ። "'ምንድን ነው?' አሉኝ። 'እጅ ነበረበት፣ ሁሉም ደህና ናቸው' አልኳቸው። 'ሕፃኗስ?' አሉኝ። 'ደህና ናት' አልኳቸው። ከዚያማ ለቅሶ!"

"ታዲያ ምን ልበል?" አሉ ኦቦ በዳዳ መሬት ላይ እንደተቀመጡ። "መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ 'ደህና ናቸው' አይደል የሚለው? ደግሞ ባዶ ወረቀት! የሚሉት ቢያጡ ነው ባዶውን የላኩልኝ አልኩ። ስም አላወጣህላትም፣ እንግዲህ ስም የላትም፣ ማለታቸው ነው አልኩ።"

"በየመንገዱ 'ደህና ናቸው' ስላቸው" አለ ሰይድ፣ "'አይ ምስኪን፣ እውነቱን ለመናገር አንጀቱ አልችል አለው' እያሉ ለእኔም ያለቅሱልኛል።"

እስቲ ፍረዱ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይሳቅበታል ወይስ ይለቀስበታል? ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ፤ አንዷ ሴት ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ሳቁ፣ እንባቸው ሳይደርቅ። ኦቦ በዳዳ ብቻ አልሳቁም። በዱላቸው ተደግፈው ሊነሡ ሲሉ አየሁ፤ ጉልበታቸው አብጦ የእንስራ አፍ አክሏል። እግራቸውን እውነትም ያማቸው ኖሯል። በዚያ እግር ነው ከዝዋይ ድረስ የመጡት። እንደዚያ ሲንገዳገዱ ሳያቸው ያ ሁሉ ቂሜ የት እንደገባ አላውቅም፤ ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኳቸው። አልነጠቁኝም።

ወደ በሩ ስንደርስ እማማ ዲንቄ እጃቸውን ዘርግተው መንገድ ዘጉ።

"ቆም ይበሉ! ከፀሐይ መጥተው አራስ ቤት አይገቡም። በረድ ይበሉ!"

"አንቺ ሴት፣ ልያት!"

"ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቁ አሁን ማን አስቸኮለዎ? ይቀመጡ።"

እኒያ እልኸኛ ሰው በበረንዳው ጥላ ሥር እንደ ተማሪ ተቀመጡ። ውሃ አመጣሁላቸው፤ እግራቸውን አጠብኳቸው። ዓይናቸው ከመጋረጃው አይነቀልም። "አሁንስ በረድኩ?" ይላሉ። "ገና ነዎት" ይላሉ እማማ ዲንቄ። ከውስጥ ጫልቱ "አባቴ! አባቴ መጣህልኝ?" ስትል፣ "መጣሁ፣ ኢንተላ ኮ፣ መጣሁ ልጄ፤ እናትሽ ነች ያገደችኝ" አሉ።

በመጨረሻ ተፈቀደላቸው። ጫልቱ አልጋው ላይ እንዳለች የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ እሳቸው ግንባሯን ሳሟትና ልጅቱን ተቀበሉ። ጉንጯን ሊነኩ ጣታቸውን ሲዘረጉ ጭብጥ አድርጋ ያዘቻቸው። ልፍታልዎ ብዬ እጄን ስሰድ ገላመጡኝ። እንደዚያ ተይዘው፣ ብዙ ቆዩ። ውጭ ያሉት ዘመዶች በመጋረጃው ሥር አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"አባቴ" አለች ጫልቱ በዝግታ፣ "ስም አውጣላት።"

"ተረፈች ትባል" አሉ።

እማማ ዲንቄ ይህን መስማት አልቻሉም። "ከምኑ ነው የተረፈችው?" አሉ። "ጉንፋን እንኳ ይዟት አያውቅ! በባዶ ወረቀት ገደላችኋት እንጂ እኔ ልጄን ደህና አድርጌ ነው የያዝኳት። ከምኑ ነው የተረፈችው?"

ኦቦ በዳዳ ዓይናቸውን ከልጅቱ አላነሡም።

"ከእኔ እልህ" አሉ።

እማማ ዲንቄም ለባላቸው ገንፎ ሊያወጡላቸው ወደ ድስቱ ዞሩ።